ነጩ ነጠላ

ውድነሽ ለታናሽ እህቷ ልጅ ክርስትና ከደብረ ታቦር ወደ አንዲት የወደብ ከተማ ስትመጣ የክት ነጠላዋን ለብሳ ነበር። ገና ከበሩ ሳትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ከበባት።

«ወይኔ እናቴን! ማን ሞተብሽ?»

እህቷ ዘርፌ በሐፍረት ወደ ውስጥ ጎተተቻት። «እትዬ፣ እዚህ እኮ የመርከቡ ጭስ ያላጠቆረው ልብስ የለም። ነጭ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ብቻ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልለን የምናስቀምጠው ለለቅሶ ነው።»

ከውጭ የወደቡ ድምፅ ማጉያ፣ «ዛሬም አየራችን እንደ ወተት የነጻ ነው!» ይላል። ድምፅ ማጉያ ዓይን ስለሌለው አያፍርም።

ሲመሻሽ ነጠላው ከሰል መሰለ፤ ውድነሽንም ጭሱ ያስላት ጀመር። ጎረቤቶቹ፣ «እሰይ፣ ከሐዘን ወጣሽ!» ብለው እልል አሉ።

ውድነሽ ሳሉ ፋታ ሲሰጣት፣ «እልልታችሁን አቆዩት» አለች። «ሟቿ እኔው ሳልሆን አልቀርም።»