ያልደረቀው ቀለም

የኅትመት ሠዓሊ የነበረው ባሏ ከብዙ ዓመት በፊት ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ መምህር «የሚስቴን ምስል ገና አልጨረስኩትም» ሲለው ከበሩ ውጭ ሆና ሰምታለች። መምህሩ ምን ብሎ እንደመለሰለት ትዝ አይላትም፤ ሳቃቸው ብቻ ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው።

ባሏ ሲያርፍ፣ ምስሏ የተቀረጸበት የመዳብ ሰሌዳ ማንም ደግሞ እንዳያትምበት በሙያው ደንብ ከጥግ እስከ ጥግ በብረት ተጫረ። እሷም የዩኒቨርሲቲው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ሥዕሎች ጠባቂ ሆና ቀረች። ዘንድሮ ግን አንዳች ጭረት የሌለባቸው አዳዲስ የምስሏ ቅጂዎች በማተሚያ ክፍሉ የወረቀት ማድረቂያ ላይ ይገኙ ጀመር።

«እትዬ፣ በሟች ስም ማተሙን ይተዉ። ከሥራ እንዳስወጣዎት አያድርጉኝ» አላት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፤ የማተሚያ ክፍሉን ቁልፍም ተቀብሏት ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠዋት እሷን አስከትሎ በሩን ራሱ ከፈተ። ማድረቂያው ላይ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል። በጣቱ ነካ ቢያደርገው ቀለሙ ያዘው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት እንደ ድሮው ወጣት አይደለችም፤ ሸብታለች። ዛሬ ቁርስ ስታሰናዳ ቢላ ቆርጧት በአበባማ ጨርቅ ያሰረችው አውራ ጣቷ እንኳ አልቀረም።

ኃላፊው ሥዕሉን አየ፤ ጣቷን አየ።

«ቀልድ ነው ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ቁልፉ አንተ ኪስ አይደል እንዴ ያደረው፣ ልጄ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንደ ድሮው ለኅትመት የሚሆን ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክረን እንተውለት። ይሄ የመጨረሻው ወረቀት ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ወረቀት ሲያጣ ምን ላይ እንደሚያትም እንጃ።»

ኃላፊው እጅጌውን ሰብስቦ የወረቀት መንከሪያውን ገንዳ ውኃ ይሞላ ጀመር።