በመዶሻ የገባ ብሎን

አግዳሚ ወንበሩ ጓ ብሎ ሲገነጠል እትዬ ደርባባ በጀርባቸው ወለሉ ላይ ተዘረሩ፤ ደብተራቸው በአንድ በኩል፣ ጫማቸው በሌላ በኩል።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከኋላ ሆኖ፣ «ኧረ ቀስ! ሕንፃው የእኛ አይደለም!» ሲል ሳቁ ፈነዳ። ሁሉም ቀን ሲለፉ ውለው ፊደል ሊቆጥሩ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ሕፃን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ባለ ብሎኗም ሳቀች። ቀድማ ሳቀች ባይባልም ከኋለኞቹ አልነበረችም።

ባለ ብሎኗ ያሏት መደብር ውስጥ ምስማርና ብሎን ስለምትሸጥ ነው። እዚህ ተማሪ ናት፤ የምታስተምራቸው ደግሞ የገዛ ልጇ። ልጅቷ ሥራውን ከያዘች ገና ነው፣ የእናትየው ጭንቀትም ልጇ በሰው ፊት እንዳታፍር ነው። ወንበሮቹ ይነቃነቃሉ ሲባል፣ «እኔ እያለሁ አናጺ ምን ያደርጋል!» ብላ ዛሬ ከሁሉም ቀድማ መጥታ አንድ በአንድ ጠገነቻቸው። ልጅቷም ትምህርቱን ከመጀመሯ በፊት፣ «እማዬን አመስግኑልኝ» ብላ አስጨበጨበችላት።

አሁን እናትየው የወደቁትን ልታነሳ ጎንበስ አለች። እጇ ግን የተገነጠለው የወንበሩ እግር ላይ ቀረ። ብሎኑ ራቁቱን ወጥቷል። አልተጣመመም፣ አልተቆረጠም። ጥርሶቹ መሃል የእንጨት ብናኝ ሞልቶበታል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት።

ለደንበኞቿ ስንቴ ብላዋለች! ለጣሪያ ቆርቆሮ ባለ ባርኔጣውን ምስማር፣ ለግንብ ጠንካራውን የብረት ምስማር፣ ለበር ማጠፊያ አናቱ የሚሰምጠውን ብሎን እየለየች ስትሰጥ፣ «ምስማር በዱላ፣ ብሎን በልመና» ትላቸዋለች። «ብሎን የሚይዘው በጥርሱ ነው። ቀስ ብለው ሲያዞሩት እንጨቱን ነክሶ ይቀራል። በመዶሻ ከመቱት ግን ቦጫጭቆት ነው የሚገባው፤ ከላይ የጠበቀ ይመስላል፣ ከውስጥ የያዘው ነገር የለም።»

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን በደንብ አዙራቸው ነበር። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ካቻቢቴው ከብሎኑ አናት እየተንሸራተተ መዳፏን ላጠው። የተማሪዎቹ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ለማስጀመሪያ ብላ አንዱን በመዶሻ መታችው። ገባ። ቀጣዩንም መታች። በኋላማ ካቻቢቴውን የምታነሳው መጨረሻ ላይ አንዴ ለማዞር ብቻ ነበር፣ ለወጉ ያህል።

እትዬ ደርባባ ሰው ሳይደግፋቸው ተነሡ። ቀሚሳቸውን እያራገፉ እሳቸውም ይስቃሉ። «ብያችሁ ነበር እኮ! ይሄ ገላ ለትምህርት አልተፈጠረም።» ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ደብተሩን ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱና ወደ በሩ አመሩ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» አለች መምህርቷ።

«ወደ ሽንኩርቴ። ሽንኩርት ስሸጥ ወንበር የሚል የለም፤ እሷም መሬት፣ እኔም መሬት።»

ሰው እንደገና ሳቀ። ባለ ብሎኗ ግን እኒህን ሴት ታውቃቸዋለች። ስንት ጊዜ ደጁ ድረስ መጥተው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሊሳቅብኝ?» ብለው ተመልሰዋል። «ማንም አይስቅብዎትም፣ በእኔ ይሁንብዎ» ብላ እጃቸውን ይዛ ያስገባቻቸው ራሷ ናት። አሁን በዚህ በር ከወጡ አይመለሱም።

ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች በእሷ ላይ ቅንጣት ሳትጠረጥር እያየቻት ነው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«በመዶሻ መትቼው ነው» አለች።

«ምኑን?» አሉ እትዬ ደርባባ በሩን እንደያዙ።

«ብሎኑን። እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። መዞር የነበረበትን ቸኩዬ ቀጠቀጥኩት። ጉንፋን የጣላት ቀጭን ልጅ ብትቀመጥበትም ይገነጠል ነበር።»

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። እትዬ ደርባባ ከበሩ ሆነው አዩዋት። አልተቆጡም፤ የሚጠይቁት ነገር ብቻ ነበራቸው።

«ታዲያ አንቺ ለምን ሳቅሽ?»

እናትየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ልጅቷ ጠጋ አለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ይሄኛውን ብቻ ነው?» አለቻት።

እናትየው ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«የእኔስ?» አለ ጥበቃው።

ሰውየው ትንፋሹን ውጦ፣ እንቁላል ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ በሁለት እጁ ክብደቱን እየያዘ ተነሣ።

«ቀስ በል የኔ ጌታ፣ አጥንትህ ቀጭን ነው» አሉት እትዬ ደርባባ።

የሳቀ የለም። ወንበሮቹ ሲጢጥ ሲጢጥ እያሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ።

ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች። «ቆመን እናነባለን» አለች።

እናትየው ጥበቃው ከተቀመጠበት አግዳሚ ሥር ተንበረከከች። አንዱን ብሎን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ሳብ ስታደርገው፣ ያለ ካቻቢቴ፣ እንደ ወተት ጥርስ ወጣ። ከራሷ በላይ ንባቡ ተጀመረ። ሌላውን ብሎን መሳብ ትታ ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ከሁሉም ዘግይቶ የእትዬ ደርባባ ወፍራም ድምፅ ከዚያ በኩል ተቀላቀለ፤ እሷ ግን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።