የቤተሰብ ፈቃድ

የረድኤት አሠሪ፣ ማዳሟ፣ ሬሳ ቤቱ በር ላይ ትጮኽብኛለች። "አገሯ መላክ ውድ ነው። እዚሁ ቅበሯት!"

እዚህ መቅበር ርካሽ ነው፤ ግን ቤተሰብ መፍቀድ አለበት። መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፤ ማን ጊዜ ሰጠኝ? ረድኤትን በእጄ አጥቤ እንደጨረስኩ አገር ቤት ወንድሟ ጋ ደወልኩ።

"ወንድሜ፣ በርታ። ረድኤት አርፋለች። እንላካት ወይስ እዚህ እንቅበራት?"

"አንቺ ሌባ! በሰው ሞት ልትለምኚ ነው? ረድኤት ትናንት ከአረብ አገር ባዶ እጇን ገብታለች። ይኸው ምሳ እየበላን ነው።"

"ስጣታ ስልኩን!" አልኩት ተናድጄ።

ሰጣት። ቸርች አጠገቤ ቆማ ስትዘምር ስሰማው የኖርኩት የረድኤት ድምፅ ነው።

"ናርዲ፣ እዚያው ቅበሪኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ለነሱ ግን እንዳትነግሪያቸው።"