የጓድ ጥሩወርቅ ነጭ ቀሚስ

ሀሊሜ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ቀሚሱን ከድንጋዩ ላይ አንስታ ትጨምቀዋለች።

«ቀስ በይ፣ ጥልፉን ትተረትሪዋለሽ» እላታለሁ ከግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ።

«እሺ፣ እትዬ።»

በዕድሜ ታላቄ ናት። እትዬ አትበይኝ ብያት አላውቅም። እኔስ ከጠዋት እስከ ማታ እትዬ ስል አይደል የምውለው? አንድ ሰው ደግሞ እኔን ቢለኝ ሰማይ አይወድቅም።

ቀሚሱ የአሠሪዬ ነው። በቀበሌው አዳራሽ ጓድ ጥሩወርቅ ትባላለች፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ በቤቷ ግን እትዬ ጥሩወርቅ ነች። ነገ የአብዮት በዓል ነው። ይህንን ለብሳ ቆቦ አደባባይ ስለ ሴቶች እኩልነት ንግግር ታደርጋለች። ንግግሩን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የምታጠናው እግሯን ሳጥባት ነው። ቀሚሱ አንድ ነገር ቢሆን ዋጃ፣ እንጀራ አባቴ ቤት እንደምትመልሰኝ ነግራኛለች። እሱ ቤት ከምመለስ ብሞት ይሻለኛል።

ማጠቡ የእኔ ሥራ ነበር። ግን ጎሊና ወንዝ ዳር በድርቁ ጊዜ ቀያቸውን ለቀው የመጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ ለተረፈ ቂጣ ያጥባሉ። ሠራተኛም ሠራተኛ ትቀጥራለች።

ሀሊሜ ቀሚሱን ወንዙ መሐል ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ አስጥታ ትመለሳለች። ዳር ዳሩን አቧራና ፍየል ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አይሸፍንም። ቢስሚላህ ብላ ቂጣዋን ትቆርሳለች፤ ለልጇ እያላመጠች ታጎርሰዋለች።

ከበላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በስተምዕራብ ግን ተራራው ጠቁሯል።

ድምፅ ይሰማኛል። የወታደር መኪና መስሎኝ ወደ አስፋልቱ እዞራለሁ። አስፋልቱ ባዶ ነው።

ከዚያ ጎርፉን አየዋለሁ። ቆሞ ነው የሚመጣው፣ ከነግንዱ፣ ከነቋጥኙ፣ ቁመቱ የቤት ግድግዳ ያህላል። ከፊቱ ደረቁን አሸዋ አቧራ እያደረገ ያስነሳዋል። ውሃ አቧራ ሲያስነሳ አይቼ አላውቅም።

«ቀሚሱ! ሂጂ አምጪው!»

ሀሊሜ አትነሳም። «አልሄድም» ትለኛለች። እትዬ የለበትም።

ራሴ እሮጣለሁ። እግሬ አሸዋውን ሳይረግጥ መቀነቴ ከኋላ ይያዝና በጀርባዬ እወድቃለሁ። አንቺ ለማኝ፣ ልቀቂኝ እላታለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ እሰድባታለሁ። በስድብ ደግሞ አላንስም።

«አንቺ ልጅ» ትላለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «እሷ ሌላ ቀሚስ አላት። ሌላ ሠራተኛም አታጣም። አንቺ ማን አለሽ?»

ጎርፉ በፊታችን ያልፋል። መሬቱ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፣ ግራሩ ቅጠሉን ያረግፋል፤ የሀሊሜ ልጅ እንኳ ማልቀሱን ረስቶ አፉን ይከፍታል።

ቀሚሱ ከድንጋዩ ላይ ይነሳል። ውሃው በጫፉ ይገባና እጅጌዎቹን ይሞላቸዋል፤ ደረቱ ይነፋል፣ ቀና ይላል። ማንም ሳይለብሰው፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ጥልፉ በፀሐይ እያብለጨለጨ፣ በዚያ ሁሉ ግንድና ጭቃ መሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩወርቅ ላይ እንዲህ አምሮ አያውቅም። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ዓይኔን መንቀል አልችልም።

የዞብልን ተራራ ይዞ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። እያነሰ፣ እያነሰ፣ የነጭ ወፍ ያህል ሆኖ ከዓይኔ ይጠፋል።

የሀሊሜ እጅ አሁንም መቀነቴን እንደጨበጠ ነው። ልቀቂኝ አልላትም።