ግራጫው ግድግዳና የእማ ሰልሚያ ነጫጭ ሳህኖች

"አንቺ... ለአረፋ የመጣሽው ቤቴ ላይ አመድ ልትነሰንሺ ነው?"

እማ ሰልሚያ ወገባቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል...

ምራታቸው ባሂራ ከአዲስ አበባ ቀድማ ቡታጅራ የገባችው ቤቱን ለበዓል ልታሳምር ነበር።

ወተት የመሰለውን ግድግዳ ግራጫ ቀባችው!

ጥቁር አይሉት ነጭ... ዝናብ ያረገዘ ደመና!

ቀለሙ ሳይደርቅ ወሬው እንሴኖ ገበያ ደረሰ።

አንዲት ላም ግድግዳውን አይታ "ዝናብ መጣ" ብላ በረቷ ገባች አሉ... ያየ ሰው የለም፤ ላም ግን አትዋሽም።

ጎረቤታቸው ሃሊማ፣ "እማ ሰልሚያ፣ ልስኑ መቼ ነው ቀለም የሚቀባው?" ብላ ሳቀችባቸው።

የእማ ሰልሚያ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር...

ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ልጃቸው ሙንታሲር ካወቀ፣ ከእንሰታቸውና ከባላቸው መቃብር ነቅሎ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሊሰቅላቸው ነው!

ባሂራ የበሩን መቃን ነጭ አድርጋ ተወችው። ነጫጮቹን የብረት ሳህኖችም እንደ አገሩ ደንብ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለቻቸው።

በማግስቱ እማ ሰልሚያ ሲነሱ... ሳህኖቹ ሙሉ ጨረቃ ሆነው ታዩአቸው!

በሩም ግንባራቸውን ሳይመታ አሳለፋቸው።

"አልሀምዱሊላህ... ዱዓዬ ደረሰ!"

አረፋ ሆነ። ሙንታሲር መጣ።

"እማ፣ ዓይንሽ ደከመ ሲሉ ሰማሁ... እውነት ነው?"

እማ ሰልሚያ ተነሱ። ቀጥ ብለው ሄዱና መሃል ላይ ያለችውን ሳህን ከሚስማሯ አውርደው ለክትፎው አቀበሉት።

"ይልቅ ያንተን ተመርመር! እናትህ ስትከሳ መች አየህ?"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሙንታሲርም አዲስ አበባ የሚለውን ስም ዳግም አላነሳም።

እንግዳው ሲሸኝ እማ ሰልሚያ ባሂራን ጠጋ አሏት።

"ቀለምሽን ስሰድብ ነበር... አፉ በይኝ። አላህ ዓይኔን ሲመልስልኝ ግድግዳሽም አማረኝ።"

ባሂራ እጃቸውን ያዘች።

"ዓይንዎ አልዳነም፣ እማ..."

"ምን?"

"አምና ለአረፋ ሳህን ሲያወርዱ አየሁዎት። ሳህኑ አፍንጫዎ ስር ሆኖ ግድግዳውን ይዳብሱ ነበር። ነጩ ሳህን ነጩ ግድግዳ ላይ ጠፍቶብዎት ነው። ግድግዳውን ባጠቁረው ቤቱ ይጨልምብዎታል... ስለዚህ መሃሉን መረጥኩልዎ።"

እማ ሰልሚያ ግራጫውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት...

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎስ መች ነገሩኝ?"

ያን ጊዜ የወረደው እንባ የመስቃንን በርበሬ በሙሉ ያጠጣ ነበር!

"ዓይን ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን" አለች ባሂራ። "ስንመለስ የምንመለሰው እዚሁ ነው። ሙንታሲርን ለኔ ይተዉት።"

ከዚያ ወዲህ ሃሊማ "አመዱ ቤት" ስትል እማ ሰልሚያ ዱላ ያነሳሉ...

"አመድ አትበይው! የምራቴ ዓይን ነው የተቀባው!"

ወገኖቼ... የሰውን ጉድለት ማየትማ ማንም ያያል። አይቶ፣ ሳያጋልጡ መደገፍ ግን ልብ ይጠይቃል።

እናንተስ... ሳትነግሩት ድካማችሁን አውቆ በዝምታ የደገፋችሁ ማን ነው? እስቲ ስሙን ከታች ጻፉለት... ዛሬ እንኳ ይወቅ።