የካፒቴኑ ድንኮች

ደብረ ብርሃን የከተመው የጣሊያን ካፒቴን የአበባ መደቡ መሀል የሸክላ ድንኮች አቆመ። ክንድ የማይሞሉ ሽማግሌዎች፤ ጢማቸው እስከ ሆድ፣ ቆባቸው ቀይና ሹል። አገሩ ግቢ የሚያስጌጡት እንዲህ ነው አሉ።

«ባሕር ተሻግሮ የመጣው ለዚህ ነው?» ብሎ ከተማው ሳቀ።

ሳቁ አልቆየም። ካፒቴኑ የድንኮቹ ፊት የሰው ፊት እንዲሆን ሸክላ ሠሪውን ገብረአብን አዘዘው። ከአንኮበር ገደል አንድ አርበኛ ተይዞ በመጣ በሳምንቱ፣ ፊቱ ድንክ ሆኖ አበባው መሀል ይቆማል። ሦስት ሰው ተያዘ፤ ሦስት ድንክ ቆመ። ሦስቱም የአርበኛው የወልደ ሰንበት ጓዶች ነበሩ።

የወልደ ሰንበት ሚስት ይመኙሻል ሐሙስና ቅዳሜ የካፒቴኑን ልብስ ታጥባለች። የተቀጠረችው ባሌ ሞቷል ብላ ነው። ባሏ ግን ጫካ ከገባ ዓመቱ ነበር።

«አስያዣቸውማ ገብረአብ ነው፤ ጭቃ ፍለጋ እያለ ገደል ለገደል የሚዞረው ማን ሆነና?» አሉ ጎረቤቶቿ። «የሸክላ ሠሪ ዓይን እንደሆን ታውቂዋለሽ፤ ያረፈበትን ሳይበላ አይነሳም።»

ከዚያ ወዲህ ገብረአብን መንገድ ላይ ካየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች።

አንድ ሐሙስ አራተኛው ድንክ መጣ። በዚያ ሰሞን የተያዘ ሰው አልነበረም። ይመኙሻል ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችው። ሌሎቹ ቆመዋል፤ ይኼ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው።

ወልደ ሰንበት! ቀይ ቆብ ደፍቶ።

እርጥቡን ሸሚዝ ጥላ ታላቅ ወንድሟ ገብረአማኑኤል ዘንድ ሮጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀጣዩ እሱ ነው! ያ ቡዳ ሸጠው!»

«ተይ አታልቅሺ። ምን እንደነገራቸው አሁን ያወጣታል፤ ከዚያ ለወልደ ሰንበት ሰው እንልካለን።»

ሁለቱ ሲደርሱ ገብረአብ ጭቃ እያቦካ ነበር። ገብረአማኑኤል ጠመንጃውን ከጋቢው ስር አውጥቶ ደረቱ ላይ ደገነው።

«ስንቱን ሸጥክ?»

«ማንንም፣ ጌታዬ! የተያዘውን ገበያ ላይ አቁመው ያሳዩኛል፤ እሠራለሁ። ያላየሁትን ፊት አልችልበትም።»

«ውሸታም!» ይመኙሻል ጮኸች። «ባሌ መቼ ተያዘ? እሱን የት አየኸው?»

ገብረአብ አፈሙዙን ትቶ እሷን አየ። ጭቃ እጁን በቁምጣው ጠረገ።

«የካፒቴኑ በረንዳ ላይ ነዋ፣ እመቤቴ። አንቺ የማትመጪበትን ቀን እየመረጠ፣ ወይኑን እየጠጣ፣ ‹ጠባሳዬን እንዳትረሳ› እያለ ሦስት ቀን ተቀመጠልኝ።»