የታምራት መዳፍ

ሲሚንቶና እንጨት ከቀሩ ወዲህ፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ቤት የሚሠራው እንደ ዳቦ ከሚነፋ የእሳተ ገሞራ አመድ ሊጥ ነው። ሊጡ ሳይደርቅ ባልና ሚስት የመዳፋቸውን አሻራ በበሩ አጠገብ ያሳርፋሉ። ከዚያ ቤቱ እንደ ሸክላ ይተኮሳል፤ የተነፋው ሊጥ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ግድግዳው ይጠነክራል፣ ቤቱም ይኮማተራል።

ሽብሬ ግን አላስተኩስም አለች። ባሏ ታምራት አሻራውን ባሳረፈ በሳምንቱ ሞቷል። በዚያ አሻራ ውስጥ እጇ እንደ ሕፃን እጅ ይጠፋል፤ የምትወደውም ያንኑ ስፋቱን ነው።

«ያልተተኮሰ ግድግዳ ዝናብ ይጠጣል» አላት ቤት የሚተኩሰው ሽማግሌ ገመዳ። «ለታምራት እጅ ብለሽ የታምራትን ልጆች ከናዳ ሥር ልትቀብሪ ነው?»

«እጁ ያንስብኛል፣ አባባ ገመዳ!»

«ያንሳል። አልዋሽሽም።»

ሽብሬ የክረምቱን ደመና አየች። «በሉ ለኩሱት» አለች።

ቤቱ ሲበርድ ልጆቿ አልጋውን ሊያስገቡ ቢታገሉ በሩ ጠቦ እምቢ አላቸው። ሽብሬ አጠገባቸው ቆማ መዳፏን በታምራት መዳፍ ውስጥ አኖረች። ጣት ከጣት ገጠመ፤ አንዳች ክፍተት አልነበረውም። ያዛት።

«እማዬ፣ አልገባም አለ እኮ!»

«የአልጋውን እግር ፍቱት» አለች እጇን ሳታነሣ፤ «ቤቱ እንደሆነ ከእንግዲህ ንቅንቅ አይልም።»